ገድን የጠገነው ሰው

የእህቴ ባል እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን መታወቂያው ላይ ካልሆነ በቀር ማንም አይጠራበትም። ለሁሉም ሰው ጋሽ ማስረጃ ነው። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ባለችው ጠባብ የሞተር ክፍልና ከምድር በታች ባለው ጉድጓድ መካከል ሲመላለስ ኖሯል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሰው በምሳ ሰዓት አፉን ከፍቶ "ትናንትና እኮ አንድ ጉድ..." ማለት ሲጀምር፣ እሱ የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ "ማስረጃህ የታለ?" ይላል። ወሬው እዚያው ክው ብሎ ይቀራል። ስንቱን የሚጣፍጥ ወሬ እንደገደለ ቤት ይቁጠረው።

እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት ነኝ። የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። በቀን አሥርም አሥራ አምስትም ሴት ወንበሬ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀጉሯ በእኔ እጅ ቢሆንም ምላሷ ነፃ ስለሆነ ሕልም ስሰማና ሕልም ስፈታ ነው የምውለው። ግራ ዓይኔ ሲርገበገብ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። መዳፌን ሲበላኝ አውቃለሁ። የሞተ ሰው በሕልሜ መጥቶ ዝም ሲለኝና ሲያናግረኝ ያለውን ልዩነት አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ሳወራ ደግሞ አላፍርም። ማፈር የነበረበት፣ ይህ ሁሉ ተአምር በዙሪያው ሲርመሰመስ አንዱንም ሳያይ ሠላሳ ዓመት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የኖረው ሰውዬ ነው።

እህቴን ካገባ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔና እሱም ስንከራከር ሃያ ሦስት ዓመታችን ነው። እህቴን እትዬ ነው የምላት። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስትመታ ትውልና ቤቷ ስትገባ ደግሞ እኛ መሀል ትቀመጣለች። አታምንም፣ አትክድም። "እናንተ ልጆቼ ብትሆኑ ኖሮ አንዳችሁን ለጎረቤት እሰጥ ነበር፤ የትኛችሁን እንደምሰጥ ግን ገና አልወሰንኩም" ትለናለች።

የጋሽ ማስረጃ ትምህርት ባጭሩ ይሄ ነው። የሰው ጭንቅላት ባዶ ቦታ አይወድም፤ ምክንያት ሲያጣ ራሱ ይሠራል። ከበስተኋላው ኮሽ ሲል "ማነው?" ይላል እንጂ "ምንድነው?" አይልም። የሠመረለትን ይቆጥራል፣ ያልሠመረለትን ይረሳል። ይሄንን ሲያስረዳ አንድ ጣቱን ያቆማል፤ ያ ጣት ከቆመ የሁላችንም ሻይ መቀዝቀዙ ነው።

"አንቺ" አለኝ አንድ እሁድ፣ "በዚህ ወር ስንት ሕልም አየሽ?"

"እኔ እንጃ። ብዙ ነው።"

"ስንቱ ደረሰ?"

"ውሃ አይቼ ቧንቧው የፈነዳው ደርሷል።"

"ሌላውስ?"

"ሌላውን ምን ብዬ አስታውሰዋለሁ? አልደረሰማ!"

ሰውዬው በደስታ ሊሞት። ከወንበሩ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ አንድ ዙር ዞረ። በማግስቱ ደብተር ገዝቶ መጣ። ሕልሜን ገና ከአልጋ ሳልወርድ እንድጽፍ፣ የደረሰውን ደግሞ በቀይ እንዳሰምርበት አዘዘኝ። እኔም እልህ ይዞኝ ጻፍኩ። በሁለት ወር ሃምሳ አንድ ሕልም ጻፍኩ፤ ቀይ የነካቸው ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ያው ቧንቧ ደግሞ መፈንዳቱ ነው፤ እሱንም "የእናንተ ቧንቧ እኮ በየወሩ ነው የሚፈነዳው" ብሎ ሊሰርዝብኝ ተነሣ። ደብተሩን ወርውሬ፣ "ሕልሜን ያደረቀው ይሄ ደብተርህ ነው! ሕልም ፖሊስ ጣቢያ እንደቀረበ ሰው ቃልህን ስጥ ሲባል ደስ አይለውም" አልኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እትዬ ከማድ ቤት ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

ስለ አራተኛው ፎቅ ደግሞ ካላወራሁ የዚህን ሰው ችኮነት አታውቁትም። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ከሞቱ ጀምሮ አሳንሰሩ ማንም ሳይጠራው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አራተኛ ፎቅ ይወጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ሹልክ የሚሉባት ሰዓት ነበረች። ሠራተኛው ሁሉ "አሁንም ቀድመው መውጣታቸውን አልተዉም" እያለ ለባዶው አሳንሰር "ደህና ይዋሉ አባባ" ማለት ጀመረ። አለቃው ግን ደስ አላለውምና ጋሽ ማስረጃን አስጠራ።

ሦስት ቀን ሙሉ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን አገኘው። ልክ በዚያች ሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የአሳንሰሩን መጥሪያ ታገኘዋለች፤ አሮጌው ፕላስቲክ ሲሞቅ ያብጥና ወደ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል፤ አሳንሰሩም ሰው የጠራው መስሎት ይመጣል። ጋሽ ማስረጃ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። ሽማግሌው መምጣታቸውን አቆሙ።

እሱ የጠበቀው ጭብጨባ ነበር። ሠራተኞቹ ግን አኮረፉት። አንዲት ጸሐፊ ወገቧን ይዛ፣ "እሺ፣ ፀሐይዋ ናት እንበል። መጋረጃ እንድትሰቅል ያመለከተህ ማነው?" አለችው። ያን ዕለት እራቱን ሳይበላ ተኛ። እትዬም ብርድ ልብሱን እየጎተተችለት፣ "ምን ታደርጋቸው? ሰውዬውን ሁለተኛ ቀበርክባቸው እኮ" አለችው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ዓመት እትዬን ቀኝ ጎኗን ያማት ጀመር። እንደ ልማዷ ደበቀችን። "መቀመጥ ስለማበዛ ነው" አለች፤ ቀጥሎ "ብርድ ነው" አለች፤ በመጨረሻ ቀና ብላ መራመድ ሲያቅታት ሆስፒታል ወሰድናት። ኩላሊቷ አጠገብ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ዓይኑን ከሰው ዓይን የማያሸሽ ሰው ነው። "ክፉ ይሁን አይሁን ከፍቼ ካላየሁት አላውቅም" አለን። "ክፉ ከሆነ አልዋሻችሁም፣ ጊዜው አልፎ ይሆናል። ሥራው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።"

ጋሽ ማስረጃ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ብዙ ሠርተዋል። ከመቶ ስንቱ ደህና ሆነ?"

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና፣ "ጋሼ፣ ቁጥር ስለ ብዙ ሰው ነው የሚያወራው። የእርስዎ ሚስት ደግሞ አንድ ናቸው" አለው።

ጋሽ ማስረጃ ሊያቆማት የጀመራትን ጣት መልሶ አጠፋት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባለጎማ አልጋ ላይ አድርገው ወደ አምስተኛ ፎቅ ወሰዷት። መነጽሯን አውልቃ ለእሱ ሰጠችው፤ የአንገት ልብሷን ለእኔ። የአሳንሰሩ በር ሲዘጋባት እጇን እንደ ሕፃን ብድግ አድርጋ አሳየችን። እኔ አለቀስኩ። እሱ መነጽሯን በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ የነበረውን መነጽር ግማሽ ሰዓት ጠረገው።

ምድር ቤት፣ ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ የተበየዱ የብረት ወንበሮች አሉ። እዚያ ተቀመጥን። አሳንሰሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። በሚሠራው በር ራስ ላይ የፎቆቹ ቁጥሮች በተራ በተራ እየበሩ ይጠፋሉ። ከዚያ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል እንኳ የለም።

አምስት ሰዓት ላይ፣ "ዛሬ ጠዋት ቀኝ ዓይኔ ነው የተርገበገበው፤ ጥሩ ነው" አልኩት። ሊያጽናናኝ ይሟገተኛል ብዬ ነው። ማስረጃሽ የታለ አላለኝም። ይሄ ሰው እኔን መሟገት ከተወ ነገሩ ብሷል ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሦስቱ ሰዓት ሞላ። ማንም አልመጣም። ስድስት ተኩል ሆነ። ማብራሪያ የምጠይቃት ነርስ ባገኝ ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ አንዷ "ገና ናቸው፤ ታገሱ" ብላኝ ሮጠች። ስመለስ ጋሽ ማስረጃ እንደተውኩት ተቀምጧል፤ ዓይኑ አሳንሰሩ ራስ ላይ ካሉት ቁጥሮች አይነቀልም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የሚጸልይ መሰለኝና ደነገጥኩ። ጠጋ ስል እየቆጠረ ነው።

"ጋሼ፣ ምን እየቆጠርክ ነው?"

"ምንም።"

"ሃያ ስድስት ስትል ሰምቼሃለሁ።"

"ይሄ አሳንሰር" አለ ቁጥሮቹን እያየ፣ "ከአምስተኛ ፎቅ ያለ ማቋረጥ ወርዶ በሩን እስኪከፍት ሃያ አንድ ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። ዓይነቱን አውቀዋለሁ፤ እኔው ራሴ ሦስት ሕንፃ ላይ ተክዬዋለሁ። ይሄኛው ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ይፈጅበታል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምንም።"

አሳንሰሩ ደግሞ ወጣ፣ አምስተኛ ደረሰ፣ መውረድ ጀመረ። የጋሽ ማስረጃ ጣቶች ጉልበቱ ላይ አንድ ባንድ ይነሣሉ። በሩ ሲከፈት ዓይኑን ጨፈነ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ይሄን ነገር እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው? ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርኩት ሥራ ነው። "ጋሼ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "በሃያ አንድ ከወረደ እትዬ ትድናለች ብለህ ነው አይደል?"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"በሆድህ ብለሃል።"

መነጽሯን ከኪሱ አውጥቶ ደግሞ መጥረግ ጀመረ። ከዚያ ፊቱን ወዲያ እንዳዞረ፣ "ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። ስድስቱንም ጊዜ ዘገየ" አለኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ፈርሼ፣ ፀጉር ቤቴ ሄጄ፣ ለአንድ ወር የማወራው ወሬ ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው። ሠላሳ ዓመት የተሰበረ ነገር ሲያገኝ አንስቶ የሚጠግን ሰው ነው፤ አሁን ሚስቱን አምስተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ሰው ከፍቷታል፣ የእሱ ሁለት እጅ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። እጁ ሥራ ፈትቶ ልቡ እንዴት ዝም ይበል? እኔም ሕልም የምፈታው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ባወቅሁበት ቀን አይደለም፤ ምንም ማድረግ ባልቻልኩበት ቀን ነው። ይሄ ነገር በሃያ ሦስት ዓመት ክርክር ያልገባኝን በአንድ ቀን አስረዳኝ። ልነግረው ወደ እሱ ዞርኩ።

እሱ ግን ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?"

"የተበላሸ መለኪያ የሰጠው ውጤት ውጤት አይደለም" አለኝና ሄደ።

ተከተልኩት። የሆስፒታሉን ጥገና ሠራተኛ ምድር ቤት መጋዘን ውስጥ አገኘው። በሙያው ጋሽ ማስረጃን የማያውቅ ስለሌለ፣ ሰውዬው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። "ጋሼ፣ እርስዎ ሊያዩልን ከሆነማ በስንት ጸሎት!" አለ። እኔ ጸሎት የሚለውን ስሰማ ጋሽ ማስረጃን አየሁት፤ አላየኝም። ፒንሳና መፍቻ እንደሁ ከተወለደ ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ናቸው፤ ሰርግም ለቅሶም አይለዩትም። አሳንሰሩን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አቆሙት፣ ኃይሉን አጠፉት፣ የምድር ቤቱን በር በእጅ ገፍተው ከፈቱት። ጋሽ ማስረጃ ለዚያ ቀን ብሎ በለበሰው በደህናው ሱሪው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የጥገና ሠራተኛው መብራት ሊያመጣ ሮጠ። እኔ በስልኬ መብራት አበራሁለት።

"ጋሼ፣ እንዲህ አይደለም እኮ" አልኩት ወደ ታች እየተንጠለጠልኩ። "ገድ የመጣልህን ትቀበላለህ እንጂ አይጠገንም!"

"ማን አለ?"

"ማንም አላለም፤ የታወቀ ነው!"

"ማስረጃሽ የታለ?" አለኝ ከጉድጓዱ ውስጥ። ይሄን ቃል በመስማቴ ደስ ይለኛል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። "ፋሻውን አየሽው? በሩ የሚሄድበትን ሐዲድ ሞልቶታል። የመርፌ ክዳን አለ፣ ጥጥ አለ፣ የሰው ፀጉር አለ። ሁለት ሰከንድ ይሄ በላ። ፍጥነት ቀንስ የምትለው ማብሪያ ደግሞ ከቦታዋ ወደ ላይ ርቃ ታስራለች፤ ገና ከሩቁ ማዝገም ይጀምራል። ሦስቱን እሷ በላች። ያንን ጨርቅ አቀብዪኝ።"

አቀበልኩት። ምን ላድርግ? እኔ ገድ አምናለሁ፤ ገድ ሲፈታ፣ በዘይት ሲታሽና ብሎኑ ሲጠብቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ የቆሙ ሁለት አስታማሚዎች "ምን ተበላሸ?" ሲሉኝ፣ "ትንሽ ዘገየ" አልኳቸው።

ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የደረጃው በር ኳ ብሎ ተከፈተ። ሐኪሙ ነው።

አምስት ፎቅ በእግሩ ነው የወረደው። እዚያ ግዙፍ ሰውነት ላይ አምስት ፎቅ ደረጃ፣ ያውም አራት ሰዓት ቆሞ ከሠራ በኋላ። በሩ ላይ እንደደረሰ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፊቱ በላብ ተጠምቋል። እኛን አየ። አፉን ከፈተ፣ ቃል አልወጣ አለው። አንድ እጁን ወደኛ አነሣና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

የስልኬ መብራት ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ማስረጃ ከጉድጓዱ ግማሽ ወጥቶ፣ ክርኖቹን ወለሉ ላይ አድርጎ ሐኪሙን ሲያይ አየሁት። "አትንገሩኝ" አለ በትንሽ ድምፅ። ሃያ ሦስት ዓመት ሁሉንም ነገር ንገሩኝ፣ አሳዩኝ ሲል የኖረ ሰው አትንገሩኝ አለ።

ሐኪሙ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ሦስተኛ ተነፈሰ። "ማነው..." አለ፣ "ይሄንን... አሳንሰር... ያጠፋው?"

ጋሽ ማስረጃ መፍቻውን ወደ ጉድጓዱ ዝቅ አደረገው።

"በሽተኛዋን... ማውረጃ አጥቼ... ኮሪደር ላይ... አስተኝቻቸው መጣሁ እኮ!"

"ዶክተር" አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም፣ "ደህና ናት?"

"ማን? እሳቸውማ ደህና ናቸው! እብጠቱን አንድም ሳላስቀር አውጥቼዋለሁ። ተጣብቆ ስለነበር ነው የዘገየነው። ናሙናውን ወደ ምርመራ ልኬዋለሁ፤ እንደማየው ግን ክፉ አይመስለኝም። የማይድነው እንዲህ ከሆነ እኔ ነኝ!"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ማስረጃ የሆነ ድምፅ አወጣ፤ ሳቅም አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም። ከዚያ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ። ሥራ ጀምሮ አይተውም፤ ይሄ ደግሞ ሌላው በሽታው ነው።

ኃይሉ ተመለሰ። ሐኪሙ ስልክ ደውሎ "አውርዷቸው" አለ። አሳንሰሩ ወጣ። አምስት ላይ በራ። ትንሽ ቆየ፤ አልጋውን እያስገቡ ይሆናል። ከዚያ አምስት ጠፋ።

ጋሽ ማስረጃን ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ጭኗል። እኔ ቆጠርኩለት። አራት በራ። ሦስት በራ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ሁለት በራ። ሐኪሙ ደህና ናት ብሎናል፤ ከአፉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አሁንም ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ። በሩ ሲከፈት ሃያ አንድ ላይ ነበርኩ።

እትዬ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ፀጉሯ በሆስፒታል ቆብ ተሸፍኖ፣ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቶ ተኝታለች። ጋሽ ማስረጃ ጎንበስ አለላት። ማደንዘዣው ስላልለቀቃት ቃላቷ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። "እጅህ..." አለችው። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ከኋላው ደበቀው።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ ክፉ አልነበረም። የሆስፒታሉ ጥገና ሠራተኛ የምስጋና ደብዳቤ አጽፎ ላከለት፤ ጋሽ ማስረጃ ደብዳቤውን አሳይቶን፣ "አያችሁ? አሳንሰሩ በእርግጥ ብልሽት ነበረበት። ብልሽት አየሁ፣ ጠገንኩ። ሌላ ነገር የለውም" አለ። ይሄን ሲል ጣቱን አላቆመም።

እትዬ ቤቷ ከገባች በወሩ፣ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋ ሳለች፣ ታሪኩን አንድ ሳልቀንስ ነገርኳት። ስስ ትሆናለች ብዬ አንዳንዱን ልዘል አስቤ ነበር፤ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንደ ጥፋተኛ ሲቅለሰለስ ሳይ ግን አላስቻለኝም። ሐኪሙ ራሱን የነቀነቀው ጋ ስደርስ ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ተዪኝ፣ ይፈታብኛል፣ ተዪኝ!" እያለች ሳቀች። እንባዋ ፈሰሰ። እሱ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"በሃያ አንድ ነው የወረድኩት?" አለች ሲበርድላት።

"በሃያ አንድ" አልኳት። "እኔ ነኝ የቆጠርኩት። የእሱን ቁጥርማ ማን ያምናል፤ መለኪያውን ራሱ እየጠገነ!"

"በጣም ጥሩ" አለ ጋሽ ማስረጃ፣ ሊነሣ እየቃጣው። "ሳቃችሁ። ጨረሳችሁ?"

"አልጨረስንም" አልኩት። ይሄን ጥያቄ ወር ሙሉ ይዤው ዞሬያለሁ። "አንድ ነገር ንገረኝ። ያን ሁሉ ጠርገህ፣ ያን ሁሉ አጥብቀህ፣ አሳንሰሩ እንደገና በሃያ ስድስት ቢወርድስ ኖሮ?"

"እንደገና እፈታው ነበር።"

"በሃያ አምስትስ ቢወርድ?"

"እፈታዋለሁ።"

"እስከ መቼ?"

ሻዩን አስቀመጠ። ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ሶፋው ነው ያየው፣ ትራሱን ወደ ተደገፈችው።

"እስክትወርድልኝ ነዋ" አለ።